ለዱዊሊዮ የተቀመጠው የካስታኛ ሳህን

የዘሊንዳ ልጅ ዱዊሊዮ በሙታን ቀን ማለዳ ከሩሲያ በረዶ ተነሥቶ መጣና እናቱ ያስቀመጠችለትን ካስታኛ፣ የተራራችንን የዛፍ ፍሬ፣ ጥርግ አድርጎ በልቶ ሄደ አሉ። ወሬው ከዘሊንዳ ደጃፍ ሲነሣ አንድ ባዶ ሳህን ብቻ ነበር። ወሬው የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወርድ ልጁ ወይን ጠይቆ ነበር። ወሬው የአልቺዴ ቡና ቤት ሲደርስ ደግሞ ልጁ ጨው አነሰው ብሎ አጉረምርሞ፣ ከነጫማው አልጋው ላይ ተጋድሞ አንኮራፍቷል። እኔ ሁለተኛ ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ለመንገዱ የካስታኛ ቂጣ ጠቅልሎ፣ በር ላይ እናቱን ስሞ ተሰናበተ።

እኔ አላመንኩም። በሙታን አላምንም ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ከሉካ ከተማ በላይ ባሉት ተራሮች በሙታን የማያምን ሰው የሚያጫውተው አያገኝም፤ ከሕያዋኑ ግማሹ ከተማ ወርዷል። ያላመንኩት ጂኔታን ነው። ባዶውን ሳህን በመስኮት አየሁ ያለችው የዘሊንዳ ጎረቤት ጂኔታ ናት፤ ጂኔታ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጎመን ማሳዋ ውስጥ መልአክ አይታለች፣ ያውም ጎመን ሲሰርቅ።

የሙታን ነገር እኛ ጋ ሥርዓት አለው። በዋዜማው እያንዳንዱ ቤት ካስታኛ ይቀቅላል፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ሳህን። ተልጦ ነው የሚቀመጥላቸው፤ ሙታን ጥፍር የላቸውም። ሴቶቹ ማለዳ ተነሥተው አልጋውን እንደሞቀ ለእንግዶቹ ይተዉና ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሳህኑን ያያሉ። ሙታን ቁጥብ ናቸው፤ አይጨርሱም። አንድ ሁለት ፍሬ ከቦታው ተነቃንቆ ከተገኘ መጥተዋል ማለት ነው። ለሕያው ሰው ግን ሳህን አይቀመጥም። ማስቀመጥ መግደል ነው። የቡና ቤቱ ጓደኛዬ ኔሎ አንድ ጊዜ አማቱ በሕይወት ሳለች ሳህን አስቀመጠላት፤ ራሷ መጥታ ጠራርጋ በላችና ሳህኑን አናቱ ላይ ሰበረችው።

ዘሊንዳ የመንደሩ ካስታኛ የሚደርቅበት ጎጆ እሳት ጠባቂ ናት። ያ እሳት ነድዶ አይነሣም፣ ጠፍቶም አይተኛም፤ ካስታኛው ከላይ በርብራቡ ላይ ተሰጥቶ ከታች ይጨሳል፤ ጠባቂዋም አብራ ትጨሳለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቄሱ ዶን ፊሬንዞ ዕጣኑን ሳይለኩሱት ሕዝቡ ይስላል። ባሏ ከካስታኛ ዛፍ ወድቆ ሞተ፤ ለእሱና ለወላጆቹ በየዓመቱ ሦስት ሳህን ታስቀምጣለች። ለዱዊሊዮ አስቀምጣ አታውቅም።

ዱዊሊዮ ለጦርነት ሲጠራ አደባባዩ ላይ ካለው የእብድ ካስታኛ ዛፍ ሥር አንድ እሾሃም ቅርፊት አነሣች፤ ስትፈለፍለው መንታ ፍሬ ወጣ። እብዱ ካስታኛ አይበላም፤ ኪስ ውስጥ ሲያዝ ግን ብርድ አያስደርስም ይባላል። ባለ ቡና ቤቱ አልቺዴ ሦስት ይይዛል፦ አንዱን ለጉንፋን፣ አንዱን ለቁርጥማት፣ አንዱን ለሚስቱ ምላስ። እያነጠሰ፣ እያነከሰና እየተሰደበ ወይን ይቀዳልናል። ዘሊንዳ አንዱን ፍሬ በልጇ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተች፣ መንታውን በሽርጧ ኪስ አስቀረች። ልጁንም የብርድ መከላከያውን እንደያዘ ወደ ሩሲያ ሰደዱት። በዚህ ቡና ቤት የማይቀለድበት ነገር የለም። በዚህ ግን አይቀለድም።

ጦር ሠራዊቱ “ጠፍቷል” አለ፣ እንደ ፍየል። ሞተ አላለም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ዘሊንዳ ግን ስለ ልጇ በጠየቃት ሁሉ ፊት ከሽርጧ ኪስ መንታውን አውጥታ በአውራ ጣቷ ትወለውለው ነበር። “ይኸው፣ ደህና ነው” ትላለች። ከመንታ ፍሬ አንዱ ጤነኛ ከሆነ ሌላውን የያዘውም ጤነኛ ነው፤ እኛ ጋ ይህን የማያውቅ የለም።

ዘንድሮ ካስታኛ መርገፍ ሲጀምር ቡና ቤቱ ገባች። ገብታ አታውቅም። ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“አልቺዴ፣ ያንተ ዓይን ይሻላል። እስቲ ይህን እየው።”

አልቺዴ አየ። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ፣ ከሥሯም ብናኝ።

“ጭረት ነው፣ አክስቴ ዘሊንዳ።”

“ምን ጭረት!” አለ ኔሎ አንገቱን አስግጎ። “ነቀዝ ነው እንጂ! ዱቄቱ አይታይህም?”

“አንተን ራስህን ነቀዝ ይብላህ! አፍህን ዝጋ!”

“ተወው፣ ልክ ነው” አለች ዘሊንዳ። ዱቄቱን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። “ጠረጴዛህን አቆሸሽኩብህ፣ ይቅርታ” ብላ ወጣች።

በሙታን ዋዜማ አራተኛ ሳህን አስቀመጠች። በማግስቱ ጂኔታ ባዶውን አየች፤ የቀረውን ታውቃላችሁ።

መንደሩ እንደዚያን ሳምንት ደስ ብሎት አያውቅም። በስንት ዘመኑ አንድ ሰው በወጉ ሞተልን! ዶን ፊሬንዞ እሑድ ደወል ይደወላል አሉ። ስሙን አደባባዩ ላይ ባለው የጦር ሟቾች ድንጋይ የሚቀርጽ ሰው ተጠራ። ጂኔታ ለዘሊንዳ ብላ ያላትን አንድ ሻል ጥቁር ቀለም ነከረች። አልቺዴ አንድ ዙር በነጻ ቀዳ፤ ከሙታን መነሣት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

“አይጥ ነው የበላው” አልኩ።

“አንተ ልብ የለህም” አለኝ ኔሎ። “ሴትዮዋ ታልቅስበት እንጂ!”

ቅዳሜ ወደ ጎጆው ወጣሁ። ዘሊንዳ በጭሱ መሃል ተቀምጣ ግንድ ትገፋለች። መንታው ፍሬ ጉልበቷ ላይ ነው።

“አክስቴ ዘሊንዳ፣ ዱዊሊዮ መጣ እየተባለ ነው።”

“ሰምቻለሁ። ጨው አነሰኝ አለ አሉ። ልጄ ጨው አይወድም።”

“ነገ ሊደወልለት ነው።”

“አይደወል።”

“ሳህኑ ባዶ ነበር እኮ። አይጥ ነው ወይስ…?”

“ድመቶች እያሉኝ ምን አይጥ አለ።” ዓይኗን ጠረገች፤ እዚያ ጎጆ ውስጥ ማልቀስና መጨስ አይለይም። “የባሌ ሳህን ተነካክቷል። የአባቱም፤ የእናቱማ ከሁሉ ብሶ፤ በሕይወት ሳለችም ሆዳም ነበረች። የዱዊሊዮን አይቼ ለዶሮዎቼ ደፋሁት። ጂኔታ ያየችው ከዚያ ወዲያ ነው።”

“እንግዲያ አልሞተም ማለት ነዋ! እልል አይባልም?”

“በሕይወት ያለ ልጅ ለእናቱ ይጽፋል።”

ከእሳቱ ዳር አንድ ካስታኛ ፈነዳ።

“ቢመጣ አለቅስ ነበር” አለች። “አልጋውን እንኳ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤበት ነው የወጣሁት።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?”

“አገር ሁሉ ሲያወራ ማን ጠየቀኝ?” የነቀዘውን ፍሬ ወደ ሽርጧ ኪስ መለሰችው። “ሂድና ለቄሱም ለጂኔታም ንገርልኝ። ሳህኑ እንዳስቀመጥኩት ሙሉውን ነው ያገኘሁት። አንድም ፍሬ አልተነካም። ልጄ አልመጣም።”