የእናቴ ጊዮርጊስ እንጦጦ ላይ

የካ ሚካኤል፣ ጎህ ሲቀድ

«እናትሽ ይህን ሁሉ ዓመት ለጣዖት ስትሰግድ ነው የኖረችው!» አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ ፊት ለፊቴ፣ ኪዳን አድርሰን ስንወጣ። የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። አጎቴ እንጦጦ ላይ በከፈተው ሎጅ እናቴ ትሰግድለት የነበረውን ሥዕል አይተዋል፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ልጃቸው አንብቦላቸዋል። ወሬው ከተሰማ ወዲህ እናቴ ከማኅበር ቀርታለች።

እናቴ ተቀጥራ ትሠራበት የነበረው ቤት ማዳም አገሯ ስትገባ ሥዕል የተሸመነበት የግድግዳ ስጋጃ ሰጥታት ሄደች። የባሮክ ዘመን ሥራ ነው አሉ። ነጭ ፈረስ፣ ጦር የጨበጠ ጎልማሳ፣ ዘንዶ፣ ታስራ የምታለቅስ ልጅ። ይህን አይቶ ጊዮርጊስና ብሩታዊት የማይል ማን አለ? «ፈረሱ ክንፍ አለው እኮ» ስላት «የቅዱስ ፈረስ ክንፍ ቢያወጣ ምን ይገርማል?» ትለኛለች። ልጅቷ እርቃኗን ስለሆነች የነጠላ ቁራጭ ሰፋችባት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልም መጋረጃ አደረገችለት።

ወንድሟ ጋሽ መኮንን «ብል በልቶታል፣ ላሳድሰው» ብሎ ወሰደው። በዚያው ቀረ።

ሾላ፣ ማለዳ

የበርበሬው ሽታ ያስነጥሳል። ሚኒባሱ ሰው አይጠግብም።

«ጠጋ በይ እህት!» ይላል ረዳቱ።

«የት ልጠጋ? ሹፌሩ ጭን ላይ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ዳገቱ፣ ረፋድ

ሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ባሕር ዛፍ፣ ብርድ፣ ሞተሩ የሚያቃስት መኪና።

«ራጉኤልን ልትሳለሚ ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«ልጣላ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ላድርስሽ» አለና ነዳው።

ሎጁ

የፒዛ ሽታ፣ የመስታወት ግድግዳ፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች። ጋሽ መኮንን ስጋጃው ሥር ቆሞ ለእንግዶቹ ያወራል።

«ፐርሴየስ ነው፣ የግሪክ ተረት። ልጅቱ አንድሮሜዳ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ!»

አየኋት። እንደ ባዘቶ የነጣች የኢትዮጵያ ልጅ። የእናቴ ነጠላ ተተርትሯል፤ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«አንዲት ሠራተኛችን ደግሞ» ቀጠለ፣ «ጊዮርጊስ ነው ብላ በጾም ትሰግድለት ነበር!»

ተንከተከቱ።

«ጋሼ፣ ሠራተኛችሁ ማን ናት?»

ዞረ። «አንቺ! መቼ መጣሽ? ቁጭ በይ፣ ማኪያቶ…»

«እህቱ ናት» አልኳቸው እንግዶቹን። «የእናቱ ልጅ። ስጋጃውም የሷ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ጊዮርጊስ አይደለም፣ አበቃ! አሁን ምን ያደርግላታል?»

«ምን እንደሚያደርግላት እሷ ታውቃለች።»

ወንበር ሳብኩና ወጣሁበት። ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። አስተናጋጇ ሳልጠይቃት ሌላውን ጫፍ ያዘችልኝ።

«ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥራ። የማን እንደሆነ ሲጠይቁህ ግን የእህቴ ነው በል።»

ስልኩን አወጣ፤ እንግዶቹን አየ፤ መልሶ ከተተው።

ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አደረግኩትና በሙሽሮቹ መሃል አልፌ ወጣሁ።