አባቴ ለጠያቂ ሲነሳ

አባቴ ሰው ሲገባ ተቀምጦ አይቀበልም ነበር። ልጅም ይምጣ ሽማግሌ፣ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። የገባው ሰው «በእግዜር! በማርያም አትነሳ!» ብሎ ሳይጨርስ እሱ ቆሟል። ኦፕራሲዮን እስኪደረግ ድረስ ይህን ልማዱን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ላፍቶ፣ ወላጆቼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። የአባቴ አንጀት ተጠማዘዘና በአስቸኳይ ሆስፒታል ገባ። የተበላሸውን ቆርጠው አወጡ። የቀረውን ጫፍ በሆዱ በግራ በኩል ወደ ውጭ አወጡትና፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ እስኪቀጠል በላስቲክ ከረጢት እንዲጸዳዳ ሆነ። ከረጢቱን የምቀይርለት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም እናፍር ነበር። እሱ ጣሪያውን እያየ ስለ ቆርቆሮው ዝገት ያወራል፤ እኔም ዝገቱ እንቅልፍ እንደነሳት ሰው እመልስለታለሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተሯ ደጋግማ መክራን ነበር። ከአልጋው በጀርባው ቀጥ ብሎ እንዳይነሳ፤ ወደ ጎኑ ዞሮ፣ እግሩን አውርዶ፣ በክርኑ ተደግፎ ቀስ ይበል። ሲያስል ሆዱን በመዳፉ ይደግፍ። ከባድ ነገር አያንሳ፣ ግን ይራመድ።

ከዚህ ሁሉ እኛ የያዝነው «ከባድ አያንሳ» የሚለውን ብቻ ነው። ጠያቂው ብርቱካንና አጥሚት ይዞ ይመጣና «እንዳትንቀሳቀስ፤ ቁስል የሚጠግገው በመተኛት ነው» ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ የሚመጣው ግን አባቴ ከአልጋው ተስፈንጥሮ ከተነሳ በኋላ ነው። ኑሮው ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ መዝለል ሆነ።

ጋራዥ ውስጥ ጎማ በአንድ እጁ ያነሳ የነበረ ሰው ክንዱ ሟሸሸ። ሱሪው ሲራመድ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። አንድ ቀን ጠዋት ከረጢቱን ስቀይርለት ሲያስል፣ ከቀዳዳው አጠገብ ለስላሳ እብጠት ብቅ ብሎ ተመለሰ። ስለ ዝገቱ የጠየቀኝን ትቼ ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ።

ዶክተሩ አስተኝቶ ሆዱን ዳሰሰው።

«ሄርኒያ ገና አልሆነም» አለ። «ግን የሆድዎ ጡንቻ በጣም ሳስቷል። በቀዳዳው ዙሪያ ከተከፈተ አንጀቱ ሾልኮ ቆዳው ሥር ይወጣል። ያኔ መልሶ መቀጠሉ ይከብደናል። ከባድ ነገር ያነሳሉ?»

«ኧረ ምንም!»

«ታዲያ ሆድዎን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው?»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ጠያቂ» አልኩ። ስላልሰማኝ ደገምኩት። ዶክተሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

እቤት ስንደርስ አባቴ «እና ተጋድሜ ልቀበል? አስከሬን ነኝ?» አለ።

«አስከሬንስ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች እናቴ። «እሱ ዝም ብሎ ይተኛል።»

ጠያቂዎቹን በር ላይ አቁሜ እንዳያስነሱት ልነግራቸው ወሰንኩ። ቃሉን ሌሊቱን ሙሉ አጠናሁት። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ስትመጣ ከአፌ የወጣው «ደህና ዋሉ፣ ይግቡ» ነበር። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አስገባሁ። ከውስጥ አባቴ «ኖር!» ሲል ሰማሁ።

በማግስቱ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። የቆመ ሰው ለማንም አይነሳም። ስለዚህ ጠያቂ ከሚበዛበት ሰዓት በፊት አባቴን በጎኑ አስነስቼ፣ ጋቢውን ደርቤለት፣ በእርሻው መሃል ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ይዤው ወጣሁ። ላፍቶ ያኔ ገና ገብስ ይዘራባት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጥግ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ አላለፍንም። እናቴ ከበር ሆና የመጣውን ሁሉ «በዚያ በኩል ሄዷል፣ ተከተሉት» ትላለች።

ተከተሉት። ብርቱካናቸውን እንደያዙ፣ ነጠላቸው አቧራ እየጠረገ።

«ይሄ ምን ዓይነት በሽተኛ ነው?» አለች አንዷ ቁና ቁና እየተነፈሰች። «ልንጠይቀው መጥተን እኛን ሊያስተኛን ነው!»

«እሺ እናንተ ተኙ፣ እኔ ልጠይቃችሁ» አለ አባቴ። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ባሕር ዛፉን አለፍን፤ ቆይቶ ጅረቱንም ተሻገርን። ጭኑ ሱሪው ውስጥ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እብጠቱ ግን ሲያስል አሁንም ብቅ ይል ነበር፤ እያየሁ እጨነቃለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ያዘንና ሳንወጣ ቀረን። አባቴ ተኝቷል፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። በሩ ሲከፈት የዕድራችን ዳኛ ነበሩ፤ በከዘራ የሚሄዱ፣ አባቴ ከአባቱ እኩል የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ለእሳቸው ተጋድሞ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ጭንቅላቱ ከትራሱ ቀጥ ብሎ ሲነሳ በመጋረጃው አየሁና ጮህኩ።

«አባዬ! በጎንህ!»

ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ፊቴ ተቃጠለ። አባቴ በግማሽ እንደተነሳ ቀረ።

ዳኛው ወደ ጓዳው ተመለከቱ። «ምነው ልጄ?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ ስለ ጡንቻውም፣ ስለ ኦፕራሲዮኑም። አትነሳ ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከደፉ ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ዝናቡ ከካባቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«በል እንግዲህ ተነስ» አሉት። «እስክትነሳ እዚሁ ነኝ። የሚያስቸኩለኝ የለም።»

አባቴ ተኛ። ወደ ጎኑ ዞረ። መዳፉን ሆዱ ላይ አደረገ፤ እግሮቹን አወረደ፤ በክርኑ ገፋ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ዳኛው ከደፉ አልተንቀሳቀሱም። ቀጥ ብሎ ሲቆም «ኖር» አለ፣ በዝግታ።

«በእግዜር» አሉና ገቡ።

ወሬው በዕድሩ በኩል ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ጠያቂ ሁሉ ደፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ጀመር።

ክረምቱ እንደወጣ ዶክተሩ እንደገና ዳሰሰው። «ያስሉ» አለው። አሳለ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ጡንቻው ይዟል» አለ ዶክተሩ። «እንቀጥለዋለን።»

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ገቡ። አባቴ አየኝ፤ ወደ ጎኑ ዞረ፣ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎ መነሳት ጀመረ። «በማርያም ተቀመጥ ልጄ!» አሉ አሮጊቷ።

«ቆይ እማማ» አለ አባቴ፣ «ገና መች ተነሳሁ!»