የእትዬ ጥሩወርቅ የኋላ ስፒከሮች

«እነዚህ ኋላ የሰቀልካቸው ለጌጥ ናቸው?» አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዛሬ ቡሬ ላይ ፊልም ቤታቸውን ሲከፍቱ ነው። ዕቃውን ሸጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አግዳሚው ሞልቷል፤ የኋላ ስፒከሮቹ ግን ጭጭ ብለዋል። እዚህ ከተማ አንዴ ስሜ ከጠፋ ማን ከእኔ ይገዛል?

ገመዱን ተከተልኩት። ለካ ፊልሙን የሚያጫውተውን ቲቪ ቦክስ የሰካሁት ቴሌቪዥኑ ላይ ኖሯል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምጹን ለስፒከሮቹ ለሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር የሚያቀብለው የፊቶቹን ስፒከሮች ድምጽ ብቻ ነው። ነቅዬ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁት።

ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ጣለ፤ ከኋላችንም ዘነበ።

«ውይ፣ ያሰጣሁት በርበሬ!» ብለው እትዬ ወደ ግቢ ሮጡ። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነበር። እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

እናንተስ፣ ገዢ ፊት ዕቃ ዝም ብሎባችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።