ከኤተሩ በፊት ሦስት ጥያቄ

የወንድሜ የመጨረሻ ቀን እንደሌሎቹ ቀኖች ነበር። ፍልሰታ ነው፤ ጉም ወርዶ ክሊኒኩን ሸፍኖታል። እኔ ከደብረ ብርሃን ለክረምት ዕረፍት መጥቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ድሬሰር ነው። በዚያ ክረምት የመጣው የውጭ አገር ሐኪም በሽተኛ ሲቀድ፣ በኤተር የሚያስተኛው እሱ ነበር። በእኛ ወረዳ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ልመካበት ነው ብትሉኝ አልክድም።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በሽቦ የተወጠረ ሻሽ አፍና አፍንጫ ላይ ይደረጋል፤ ኤተሩ ጠብ፣ ጠብ ይልበታል። ኤተር ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው። ትነቱ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳል። «የሚወጣውም በገባበት በር ነው» ይለኝ ነበር። «ትንፋሹን ከጠበቅክለት ሰውየው ይመለሳል። ካበዛህበት ትንፋሹም አብሮ ይተኛል።» ትነቱ እሳት ስለሚስብ ከሰሉ ከቤት ይወጣል፤ በሽተኛው ባና ተጠቅልሎ ይተኛል። ሲተን ደግሞ ሙቀት ስለሚወስድ ሻሹ ላይ ውርጭ ይሠራል። ውርጭ ለመንዝ ሰው ብርቅ አይደለም። በሰው ትንፋሽ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

ሐኪሙ በሽተኞቹን ቁጥር አስቆጥር ብሎት ነበር። ወንድሜ አቡነ ዘበሰማያት ያስደግማቸዋል። ቁጥር የሚምታታበት ገበሬ ጸሎቱን አይስትም፤ ወንድሜ ምላሱ የት ላይ እንደተሳሰረ ሰምቶ እንቅልፉ የት እንደደረሰ ያውቃል።

«ቄስስ ሲሆን ጋሼ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ቄስ ተኝቶም ይደግማል። እሱን በዓይኑ ብሌን ነው የምለየው።»

በዚያ ቀን ከግሼ የመጡ፣ ቡአ ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወንድሜ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«እህል ቀምሰዋል አባቴ?»

«በፍልሰታ? ምን ነካህ አንተ?»

«ውሃስ?»

«ኧረ የለም።»

«ጠበልስ?»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። «ጠበል ውሃ ነው እንዴ?»

«ለነፍስ ጠበል ነው። ለሆድ ግን ውሃ ነው። ምን ያህል ጠጡ?»

«አንዲት ቅል። ትንሽ ናት።»

«የእናንተን ትንሽ ቅል አውቃታለሁ። እንግዲያው ከሰዓት ይሆናል።»

«ከቄስ የባሰ አስጿሚ» አሉና ባናቸውን ተከናነቡ።

ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ማንም አላስተማረውም። ባለፈው ዓመት፣ በፊተኛው ሐኪም ጊዜ፣ አንዲት ሴት ምንም አልቀመስኩም ብላ ተኛች። አልዋሸችም። በእኛ አገር ጠበል ጾም አያስገድፍምና ከመጠጥ አይቆጠርም። በኤተሩ መካከል የጠጣችው ጠበል ወጣ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ሲል ወንድሜ በጎኗ ገልብጦ አተረፋት። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ ጠርሙስ አይከፍትም። አዲሱ ሐኪም ግን ቋንቋችንን ስለማያውቅ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም ነበር።

ሽማግሌው ከሰዓት ተቀደዱ፤ ሲነቁ «ጀመራችሁ?» አሉ። ወንድሜ ሳቀ። ለነገ ጠዋት ትከሻቸው ላይ መግል የያዘ እባጭ ያለባቸውን አንድ ቄስ ቀጠረ። ከዚያ አንዲት ሴት ምጥ ጠናባት ተብሎ ወንዝ ማዶ ተጠራ። ዝናቡ ላይኛው አገር ጥሎ ነበር። ሲሻገር...

ወንዙ ወሰደው። ሳይመሽ ከታች አገኙት። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ቄሱ ትዝ አሉኝ። ሐኪሙ ኤተሩን ራሱ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ተነሣሁ።

«ወንድሙን ጥሎ ወዴት ነው?» አለች አክስቴ።  ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

ቄሱ ተጋድመዋል። ሻሹ ፊታቸው ላይ ነው፤ ሐኪሙ ጠርሙሱን ከፍቷል። እጁን ያዝኩትና አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባ፣ እህል ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም ልጄ።»

«ውሃስ?»

«አልጠጣሁም።»

«ጠበልስ?»

ቄሱ ሻሹን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «የወንድምህን ነገር ስሰማ ደነገጥኩ። አሁን ስመጣ ሁለት ቅል ጠጣሁ።»

ጠበልን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አልተማርኩም። ለሐኪሙ «ውሃ፣ ብዙ ውሃ» አልኩት። ለሆድ ያው ነው።  ሐኪሙ ጠርሙሱን ከደነና «ከሰዓት» አለ፣ በአማርኛ። ቃሉን ከወንድሜ ነው የሰማው።

ቄሱ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ከሰዓት ከሆነስ ጊዜ አለኝ። ና፣ ወንድምህን ልፍታው።»

በክንዴ ደግፌያቸው ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ወደ ጠበሉ ዞር አሉ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ዛሬ አይሆንም አባ» አልኳቸው።