ከሥዕል መጽሐፍ የወጣ አጥር

ይህ የደረሰብኝ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን በያዝኩበት ዓመት ነው። ዛሬም የጓሮ አትክልት የተሳለበት የልጆች መጽሐፍ ሳይ ግራ ትከሻዬን ያመኛል።

የተመደብኩት በሶማሌ ክልል ከደምበል ከተማ ወጣ ባለች ትንሽ መንደር ነበር፤ የአማርኛ መምህርት ሆኜ። ድምፄ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። ልጆቹም ለአማርኛ ገና ጀማሪዎች ስለነበሩ ከድሬዳዋ የመጡልንን የሥዕል መጻሕፍት ይዤ እገባለሁ። ከሁሉም የወደዱት አንዱን ነው። አንዲት ልጅ ትቆፍራለች፣ ትዘራለች፣ ውሃ ታጠጣለች፣ በእሾህ ታጥራለች፣ በመጨረሻ ቲማቲም ትለቅማለች። ፊደሉን ባያነቡትም ሥዕሉን በቃላቸው ያውቁታል።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እኛም ቲማቲም ዘራን። በቀለ። በእረፍት ቀን ልጆቹ ሳይነግሩኝ ቀጣዩን ገጽ ሠሩት፤ እሾህ ቆርጠው አጠሩ። አጥሩ ግመሎች ወደ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድ ዘጋ።

በዚያ አገር ማጠር «መሬቱ የጎሳዬ ነው» ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለን ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። አንድ ባለ ግመል ከሁለት ጎረምሳ ልጆቹ ጋር ዘበኛችንን አደር ሮብሌን ከበው ወደ አጥሩ ይጠቁማሉ። «አደር» በሶማልኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አማርኛን ባቡር ላይ ሲሠራ የለመደ ሽማግሌ ነው፤ ጎሳው ከነሱ የተለየ። የተባባሉትን በኋላ ነው የተረጎሙልኝ።

«ለዘመዶችህ ታጥራለህ? ግመሎቼ ሰማይ ይላሱ?»

«ወላሂ አላጠርኩም! ፍየል እንኳ የሌለኝ ሰው አጥር ምን ያደርግልኛል?»

ዱላው ወረደ። ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። በጉልበቱ ሲወድቅ አንደኛው ጎረምሳ ጩቤ መዞ ትከሻውን ወጋው። ከመንደሩ የአደር ሮብሌ ዘመዶች ድንጋይ እየወረወሩ መጡ፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል። ከደረሱ ሰው መሞቱ ነው።

ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝቼ መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ። ሶማልኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። አደር ሮብሌ ላይ ስጎነበስ ለእሱ የተሰነዘረው ዱላ ግራ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ባለ ግመሉ ክው አለ። በጠብ መሃል ሴት መምታት፣ ያውም እንግዳ፣ በእነሱ ዘንድ የወንድ ውርደት ነው። ዱላውን ጣለ። በደም በተበከለ እጄ የአጥሩን ገጽ ገልጬ ዘረጋሁለት። ሥዕሉን አየ፣ አጥሩን አየ፣ በመስኮት ብቅ ያሉትን ትንንሽ ጭንቅላቶች አየ።

«ልጆች ናቸው!» ብሎ ወደሚሮጡት ጮኸ። «ያጠሩት ልጆች ናቸው!»

አደር ሮብሌ ደህናውን እጁን ወደ ዘመዶቹ አነሳ። ጠመንጃው ዝቅ አለ።

አጥሩ በዚያው ቀን ተነቀለ፤ ቲማቲሙን ፍየሎች ጨረሱት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁ። የአደር ሮብሌ ክንድ ግን እንደተጣመመ ቀረ።

ወደ ሥራው ሲመለስ መጽሐፉን አምጪ አለኝ። ደም የነካውን የአጥሩን ገጽ ቀደደና ኪሱ ከተተው።

«በይ መምህርት፣ አሁን አስተምሪያቸው።»

አስተማርኳቸው። ልጅቷ ውሃ ታጠጣለች፤ ከዚያ ቲማቲም ትለቅማለች። መሃል ላይ የነበረው የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ልጅ የለም፤ አጥራቸው ያመጣውን በመስኮት አይተዋል። አሁን ጅግጅጋ ነው የማስተምረው። ከዱላው ይልቅ ዛሬም የሚያመኝ ያ ዝምታቸው ነው።