የሚጮኸው ሳጥን

ደባርቅ ገበያ ዳር አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ የአንዱን ሳጥን ቁልፍ አዞሩት። ከመቆለፊያው ውስጥ ደወል ጮኸ።

«የድሮ ሰው ሥራ ነው ልጄ፤ ወላሂ ሌባ አይደፍረውም» አሉኝ። ክዳኑን ሲያነሱት የቆየ አቡጀዲ ሸተተኝ።

እንዲህ ያለ ሳጥን ሲጮህ መጀመሪያ የሰማሁት በዐሥር ዓመቴ ነበር። እቴቴ የምንላቸው የአባቴ አክስት፣ ዳባት ባለው ቤታችን ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። የሚገነዙበትን አቡጀዲ ራሳቸው ገዝተው ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ቁልፉ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ትንፋሻቸውን አዳምጣ «አልቆላቸዋል፤ ቁልፉን ፍቺና አቡጀዲውን አውጪ» አለችኝ። ክሩ በላባቸው ርሷል። ፈትቼ፣ ጓዳ ገብቼ አዞርሁት።

ሳጥኑ ጮኸ።

«ማነው እሱ?» አሉ እቴቴ ከአልጋቸው። «ገና አለሁ እኮ።»

ወጥቼ ሳይ ባዶ አንገታቸውን ይዳብሳሉ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ልዘጋው ስመለስ ጠሩኝ።

«ተዪው ልጄ። ከተከፈተ ወዲያ ምን ይዘጋዋል?»

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ሦስት ቀን ቆዩ፤ ሳጥኑም እንደተከፈተ ቆየ።

ሽማግሌው ቁልፉን ደግመው ሊያዞሩት ሲሉ «እባክዎ፣ አያዙሩት። ሌላ የለዎትም?» አልኋቸው።

«ምኑን ጠላሽው?»

ዛሬ ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ አዲሱን አቡጀዲዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ሳጥን ግዢልኝ፤ የማይጮህ ይሁን» ብላኛለች።