ሲባጎውን የሚስበው ሰው

አስናቀው ወልደ ሚካኤል፣ ከከላላ ወደ መካነ ሰላም በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ የመኪና መስታወት ሲገጥም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን እሱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን፣ ከውስጥ ሆና የመስታወቱን ጎማ ወደ ቦታው የሚያስገባውን ሲባጎ የምትስበው ሚስቱ ብዙዬ ነበረች። ኅዳር ሰባት ቀን አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሁለት የፊት መስታወት ገጥሞ ሁለቱም ተሰነጠቁ፤ ሁለቱም ከታች ማዕዘናቸው ላይ። ለመጀመሪያው የሳበለት ጎረቤቱ፣ በያጁ ሀምዱ ነው፤ ለሁለተኛው አንድ መንገደኛ ሾፌር። አስናቀው ጥፋቱን በሳቢዎቹ ላይ ጣለ፤ ሀምዱንም ካኮረፈው ስድስት ወር ሆነው። ሦስተኛው ከተሰነጠቀ ግን ሙያውን ሊተው ቆርጧል።

ሦስተኛው የመጣው በሐዋርያት ጾም ነው። ካሳ የሚባል ሾፌር ከከላላ ሰውና እህል የሚያመላልስበት አሮጌ ላንድክሩዘር አለው፤ የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን በጥቁር ጎማ የሚያዝ ነው። አዲሱን መስታወት ከደሴ በወረኢሉ በኩል በአውቶቡስ ያመጣው፣ ብርድ ልብስ አልብሶ በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ነው። ጎማውን ግን አስናቀው ገና ሲይዘው ከእጁ አዳለጠው።

«ምን ቀባኸው?»

«ቅቤ ነዋ። ደርቆብኝ። የበቅሎዬን ጠፍር የማለሰልሰው በቅቤ አይደል?»

«ጠፍር ቆዳ ነው። ጎማ በቅባት ያብጣል።» አሸተተው። «ደግሞ በጾም። ጎማውን አስገደፍከው።»

«እኔ አልቀመስኩም አያ፤ ኃጢአቱ የራሱ ነው።»

አስናቀው አልሳቀም። ጎማውን በሳሙና ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበ፤ በመስታወቱ ዙሪያ አለበሰው፤ በጎማው የውጭ ቦይ ውስጥ ሲባጎውን ዙሪያውን አስተኝቶ ጫፎቹን ከታች መካከል ላይ አገናኛቸው፤ ከካሳ ጋርም መስታወቱን አንስተው መኪናው ላይ ደገፉትና ጫፎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ሲባጎው ከውስጥ ሲሳብ የጎማውን ከንፈር እያነሳ ከመኪናው ላሜራ ጠርዝ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። እስከዚህ እስኪደርስ ወገቡ አልችል ብሎት ሁለቴ ተቀመጠ።

«እኔ ልግባና ልሳብ?» አለ ካሳ።

«አይሆንም። ዛሬ የምስበው እኔ ነኝ። አንተ ከውጭ በመዳፍህ ተጫን፤ በቡጢ እንዳትሞክር።»

ለዚህ ሥራ ከውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ታችኛው ጠርዝ በደህና ገባ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ሲባጎው እንደ ሽቦ ጠጠረ፤ መስታወቱ ቀጭን ድምፅ አሰማ። አስናቀው እጁን አላላ።

ካሳ መስታወቱን በጣቱ እየመታ «ምነው ቆሙ? ይሳቡ እንጂ፤ ተኙ እንዴ?» አለ።

ቃሉ የራሱ የአስናቀው ነበር። ብዙዬ ማዕዘን ላይ በደረሰች ቁጥር ትቆም ነበር፤ እሱም ከመስታወቱ ማዶ «ሳቢ እንጂ፤ ተኛሽ እንዴ?» ይላት ነበር። እሷ አትመልስም፤ ቀና ብላም አታየውም። ደክሟት ይመስለው ነበር። አሁን ከውስጥ ሲያየው፣ ጎማው ማዕዘኑ ላይ ታጥፎ እስኪደላደል ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይደላደል ከተሳበ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው። ሀምዱ ሊቆም ሲል «ሳብ» ያለው ራሱ አስናቀው ነው። መንገደኛውን ሾፌርም እንዲሁ። ሁለቱም እሺ ብለው ሳቡ። ብዙዬ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማችውም።

«አመመዎት እንዴ አያ? አብሽሩ፤ ካልሆነ ነገ ይደርሳል።»

«ዝም ብለህ ያዝልኝ። አትጫን።»

ጎማውን በአውራ ጣቱ ገፋ፤ ቆየ፤ እንደገና ገፋ። ከንፈሩ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። የቀሩትን ሦስት ማዕዘኖችም እንዲሁ አደረገ። ሲጨርስ ሲባጎው ጭኑ ላይ እንደተከመረ ወንበሩ ላይ ቀረ። ካሳ ከውጭ መስታወቱ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰ። ወደ ውስጥ ጠብ ያለ የለም።

ካሳ ከሄደ በኋላ አስናቀው መንገዱን ተሻግሮ ከሀምዱ በር ላይ ቆመ። ሀምዱ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ።

«ያ መስታወት በአንተ ጥፋት አልተሰበረም። ሳብ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ይህን ለማለት ስድስት ወር ፈጀብዎት?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት። ሐሙስ ሌላ መስታወት ይመጣል። ትስብልኛለህ?»

«ሲጮሁብኝስ?»

«አትስማኝ» አለ አስናቀው።